አርባዎቹ መቺዎች የት ደረሱ?

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ቁጥር የሆነ ነገር አውራን» ሲሉኝ ስለ ግብር የማወራ መስሏቸው እንደነበር አውቃለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ የጠራ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል! እኔ ግን ዛሬ ይዤ የመጣሁት የአንዲት የጋዜጣ ቁራጭ ቅጂ ነው። ብትሰፋ ሦስት ጣት ናት፣ ብትረዝም መዳፌን አታልፍም። ደቃቅ ስሞችና ከስሞቹ ጎን የተደረደሩ ደቃቅ ቁጥሮች አሉባት። ቤዝቦል የሚከታተሉ ሰዎች ቦክስ ስኮር ይሏታል።

ይህን ነገር ማንበብ የተማርኩት በትምህርት ቤት አይደለም። አሜሪካ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ገንዘብ እቀበል ነበር። ጧት የሚተኩኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋዜጣቸውን ሲገልጡ ፖለቲካውን ዘለው፣ ሥዕሉን ዘለው፣ በቀጥታ የቁጥር ጉንዳን ወደ ፈሰሰበት ገጽ ይሄዳሉ። አንድ ቀን «ምኑ ነው የሚነበበው?» አልኳቸው። «ማታ የሆነው ሁሉ እዚህ አለ» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ተምሬ፣ የሰው ደብተር ስዘጋና ስከፍት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው እኚህ ሰው ያነቡት የነበረው ልክ እንደኔ ደብተር ግራና ቀኙ የሚመሳከር መዝገብ መሆኑ የገባኝ።

ቤዝቦልን የምታውቁ ለትንሽ ደቂቃ ታገሡኝ። ሁለት ቡድን በተራ ይመታል። አንዱ ሲመታ ሌላው ሜዳውን ይይዛል። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ሊመታ ይሞክራል፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ያለ ቀላቢ አለ። መቺው ሦስቱን ማረፊያዎች፣ ማለትም ቤዞቹን፣ ዞሮ ከተነሣበት ሆም ከተመለሰ አንድ ነጥብ አስገባ ይባላል። ሳይችል ቢቀር ደግሞ «አውት» ይሆናል፤ እኛ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት «ተቃጠልክ» እንደምንባባለው። እኔም ዛሬ የምለው ተቃጠለ ነው። ሦስት ሰው ሲቃጠል ተራው ይዞራል። ሁለቱም ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ አለቀ። ዘጠኝ ኢኒንግ አንድ ጨዋታ ነው፤ እኩል ከሆኑ እስኪለያዩ ይቀጥላሉ። ጨዋታውን የሚያስቆም ሰዓት የለበትም፤ ይህ ባሕርዩ ዛሬ ማታ ያስፈልገናል።

የኛም ገና ጨዋታ ዱላ አለው። ግን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ሁሉም ረስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። በቤዝቦል ጌታውም ሎሌውም የሠራው ሁሉ ይጻፍበታል።

ወደ ቁራጯ ልመለስ። ከግርጌዋ እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ ፒትስበርግ 0፣ 12፣ 1። ሚልዋኪ 1፣ 1፣ 0። የመጀመሪያው ቁጥር ነጥብ ነው፣ ሁለተኛው ምት፣ ሦስተኛው ስሕተት። ምት ስል መቺው ኳሷን መትቶ፣ ማንም ሳይሳሳትለት፣ ራሱ ያገኘው ቤዝ ማለቴ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ፒትስበርግ 12 ጊዜ መታ፣ ያስገባው ባዶ። ሚልዋኪ አንዴ መታ፣ አሸነፈ። የደንበኛ ደብተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ ቡናዬን አስቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ።

እንጀምር። ቀኑ እንደ አውሮፓውያን ግንቦት 26 ቀን 1959፣ በኛ ግንቦት 18 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ማታ ነው። ቦታው የሚልዋኪ ካውንቲ ስታዲየም። ተመልካች 19,194። ጨዋታው የፈጀው ጊዜ ሁለት ሰዓት ከ54 ደቂቃ። ይህ ሁሉ ቁራጯ ላይ ታትሟል።

የፒትስበርግ ፓይሬትስ ወርዋሪ ሃርቪ ሃዲክስ ይባላል። ግራኝ ነው፤ በወርዋሪዎች ዘንድ አጭር ከሚባሉት አንዱ። በወጣትነቱ ሴንት ሉዊስ ሲጫወት «ድመቱ» የሚባል ታላቁ ግራኝ ሃሪ ብሬኪን ስለነበረና ሃዲክስ አወራወሩ እሱን ስለሚመስል «ግልገል ድመት» ብለው ሰየሙት። በ1953 ሃያ ጨዋታ አሸንፎ ነበር። በ1959 ግን 33 ዓመቱ ነው፤ ከወራት በፊት ከሲንሲናቲ በልውውጥ የመጣ ነው። በዚያው ልውውጥ አብረውት ሁለት ሰዎች መጥተዋል፦ ቀላቢው ስሞኪ በርጀስና የሦስተኛ ቤዝ ጠባቂው ዶን ሆክ። ሆክን በልባችሁ ያዙልኝ።

ከፊቱ የቆሙት የዋዛ አልነበሩም። ሚልዋኪ ብሬቭስ በ1957ም በ1958ም የሊጋቸው ሻምፒዮን ናቸው። ሃንክ አሮን አለ፤ በዚያ ዓመት በምት አማካይ ከሊጉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ኤዲ ማቲውስ አለ፤ በዚያው ዓመት በ46 ሆም ረን አንደኛ። ሆም ረን ማለት ኳሷ ከአጥሩ አልፋ መቺውም ቤዝ ላይ ያሉትም ሁሉ የሚገቡበት ምት ነው። ጆ አድኮክ አለ፤ ግንድ የሚያህል ሰው። ወርዋሪያቸው ደግሞ ሉ በርዴት፤ በ1957 የዓለም ሻምፒዮና ኒውዮርክ ያንኪስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈ፣ ኳሷን በምራቅ ያርሳል እየተባለ ዕድሜ ልኩን የታማ።

ሃዲክስ ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር። ይህ ቁራጯ ላይ የለም።

አሁን የሚልዋኪን ዓምድ ከላይ ወደ ታች እዩት። በመጀመሪያው ኢኒንግ ሦስት ሰው መጣ፣ ሦስት ተቃጠለ። በሁለተኛው ሦስት። በሦስተኛው ሦስት። እንዲህ እያለ ዘጠነኛው አለቀ፤ 27 ሰው መጥቶ 27 ተቃጠለ። አንድም ሰው አንደኛ ቤዝን አልረገጠም። ይህ ፐርፌክት ጌም ይባላል። እስከ 2023 ድረስ በትልልቆቹ ሊጎች ታሪክ የጸደቀው 24 ብቻ ነው። በሌላ ማታ ቢሆን ሃዲክስን በዚህ ሰዓት በትከሻቸው ይሸከሙት ነበር። ግን የርሱም ቡድን አላስገባም፤ 0 ለ 0 ነው። ስለዚህ ዐሥረኛ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ተቃጠለ። ዐሥራ አንደኛ። ዐሥራ ሁለተኛ። ሠላሳ ስድስት ሰው በተከታታይ! ከዚያ በፊት ከዘጠኝ ኢኒንግ አልፎ ፐርፌክት ሆኖ የሄደ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የፒትስበርግ 12 ምት የት ገባ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው።

በርዴት 13 ኢኒንግ ሙሉ ሲወረውር ማንንም በነጻ አላሳለፈም፤ በነጻ ማለት ውርወራው ተበላሽቶ መቺው ሳይመታ አንደኛ ቤዝን ሲያገኝ ነው። ሚልዋኪ አልተሳሳተም። ስለዚህ ዱላ ይዘው የቀረቡት የፒትስበርግ 47 መቺዎች ሁለት ዕድል ብቻ ነው የነበራቸው፤ ወይ ምት ወይ መቃጠል። 12 ከመቱ 35 ተቃጥለዋል ማለት ነው። ነገር ግን 13 ኢኒንግ ሲባዛ በ3 ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አራት ሰው ጎደለ። የት አሉ? ቁራጯ ግርጌ ላይ አሉ። ሚልዋኪ በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ያቃጠለበት አጋጣሚ ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ይኸው ሦስት። አንዱ የቀረው ሮማን ሜሂያስ ነው። በሦስተኛው ኢኒንግ አንደኛ ቤዝ ላይ ነበር። ሃዲክስ ራሱ ተራው ደርሶ ሲመታ ሜሂያስ በሁለተኛ ላይ መቆም ሲችል ወደ ሦስተኛ በረረ፤ ኳሷ ቀደመችው። ተከትሎት የመጣው ዲክ ስኮፊልድም መታ። በዚያ ኢኒንግ ሦስት ምት፣ ባዶ ነጥብ። ሜሂያስ ሁለተኛ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የዛሬው ንግግሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ጨርሶ ባልተጋበዝኩ።

ከ12ቱ አራቱ በዚህ አለቁ። የቀሩት 8ቱ ተራቸው ሲያልቅ ቤዝ ላይ ቆመው ቀሩ። መዝገቡ «ቤዝ ላይ የቀረ 8» ይላል። 39 የተቃጠለ፣ 8 የቀረ፣ 0 የገባ፤ ድምሩ 47። ተዘጋ።

አንዲት ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ከፒትስበርግ ጀማሪዎች አንድም ያልመታ ቀላቢው በርጀስ ብቻ ነው። ሃዲክስ ራሱ አንድ መትቷል። ሚልዋኪ ያን ማታ ሁሉም ተሰብስቦ የመታውም አንድ ነው።

አሁን ዐሥራ ሦስተኛዋ። ለኛ ዐሥራ ሦስተኛ የሚባል ነገር እንግዳ አይደለም፤ ጳጉሜ አለችን። ይህችም እንደ ጳጉሜ አጭር ናት፤ አራት ሰው ብቻ ነው የመጣባት።

36 መቺ ማለት ዘጠኙ ሰው እያንዳንዱ አራት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዐሥራ ሦስተኛው የሚጀምረው ከዝርዝሩ አናት ነው፤ በጨዋታው መሐል ተቀይሮ ያንን ቦታ የያዘው ፊሊክስ ማንቲያ። ማንቲያ ወደ ሦስተኛ ቤዝ የምትንከባለል ኳስ መታ። ሆክ አነሣት። ያን ማታ ብዙ ጊዜ እንዳነሣው አነሣት። ወደ አንደኛ ወረወረ፤ ዝቅ አለችበት፣ አፈሩን ነካች፣ ሮኪ ኔልሰን አልያዛትም። ማንቲያ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆመ። ፐርፌክቱ እዚህ ላይ አበቃ፤ በራሱ ሰው፣ በዚያው ልውውጥ አብሮት በመጣው ሰው።

ተጫዋቾች በሜዳ ላይ የቦታ ቁጥር አላቸው። ወርዋሪው 1፣ ቀላቢው 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ 4፣ ሦስተኛ 5፣ እያለ እስከ 9። ጨዋታውን የሚመዘግበው ሰው ደብተሩ ላይ «ስሕተት 5» ብሎ ይጽፋል፣ ያ ነው የሆክ ውርወራ። በዚያ ዘመን ይፋዊው መዝጋቢ የጋዜጣ ሰው ነበር። ምት ነው ወይስ ስሕተት የሚለውን በራሱ ዓይን አይቶ በራሱ አፍ የሚፈርደው እሱ ነው። «ምት ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ በሚልዋኪ የምት ዓምድ ያለው ዜሮ በዚያች ቅጽበት ይጠፋ ነበር። አላለም፤ ማንም ቢሆን አይልም። ግን ፍርድ እንደሆነ ልብ በሉ፤ ቁጥር ከመሆኑ በፊት የሰው ፍርድ ነበር።

ሁለተኛው ማቲውስ። በዓመቱ 46 ሆም ረን የሚመታው ሰው ዱላውን ዝቅ አድርጎ ኳሷን ነካ ብቻ አደረጋት፤ ራሱን አቃጥሎ ማንቲያን ወደ ሁለተኛ አሳለፈ። መዝገቡ ይህን «መሥዋዕት» ይለዋል፤ ለሰውየውም አዝኖ እንደ መቺ ሙከራ አይቆጥርበትም። ስለዚህ ማቲውስ አምስት ጊዜ ቢቀርብም ከስሙ ጎን 4 ነው የተጻፈው።

ሦስተኛው አሮን። አሮንን ማን ይወረውርለታል! ሆን ብለው በነጻ ወደ አንደኛ ሰደዱት። እሱም ከስሙ ጎን 4 ነው፤ በነጻ የሄደ አይቆጠርበትም።

አራተኛው አድኮክ። መታ። ኳሷ በቀኝ መሐል በኩል ከአጥሩ ወዲያ ወደቀች። ማንቲያ ገባ። ሕዝቡ ተነሣ። ሆም ረን ነው፤ ሦስት ነጥብ።

ታዲያ መዝገቡ ለምን 1 ይላል?

አሮን ኳሷ ከአጥር ማለፏን አላየም፤ ሜዳ ውስጥ የቀረች መሰለው። ማንቲያ ሲገባ ደግሞ አየ። አለቀ ብሎ ሁለተኛ ቤዝን ከረገጠ በኋላ ሜዳውን አቋርጦ ወደ መቀመጫቸው አመራ። አድኮክ አንገቱን ደፍቶ እየሮጠ ነበርና አለፈው። በቤዝቦል ከፊትህ ያለውን ሯጭ ካለፍክ ተቃጥለሃል። ጓደኞቹ ጮኸው አሮንን መለሱት፤ ወደ ሜዳው ገብቶ ቤዞቹን ረግጦ ሆም ደረሰ። ዳኞቹ አድኮክን አቃጥለው 2 ለ 0 አሉ። በማግስቱ የሊጉ ፕሬዚዳንት ዋረን ጋይልስ ጉዳዩን አየና ሌላ ወሰነ፤ አድኮክ በመንገድ ከተቃጠለ ምቱ ሆም ረን መሆኑ ቀርቶ ሁለት ቤዝ ብቻ ነው፣ ሆም ረን ካልሆነ ደግሞ፣ ሚልዋኪ ኋላ መቺ ስለሆነ አንዲት ነጥብ ትበቃዋለችና፣ ጨዋታው ያለቀው ማንቲያ ሆምን በረገጠበት ሰዓት ነው። 1 ለ 0።

አሁን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እጄን ልታጠብና ሚዛኑን ልሥራ። ቦክስ ስኮርን ለዚህ ያበቃው ሰው ሄንሪ ቻድዊክ ይባላል፤ እንግሊዝ ተወልዶ ኒውዮርክ ያደገ፣ መጀመሪያ ክሪኬት ይዘግብ የነበረ የ19ኛው መቶ ዘመን ጋዜጠኛ ነው። በሦስት ስትራይክ፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ስቶ ወይም ደህና ኳስ አሳልፎ፣ የተቃጠለን መቺ ዛሬም ድረስ «ኬ» በሚል ፊደል የምንጽፈው እሱ ስለ ጀመረው ነው። ከዚህ መዝገብ ውስጥ አንዲት ማመሳከሪያ አለች። ዱላ ይዞ የቀረበ ሰው ሁሉ ከሦስት አንዱ ቦታ ይደርሳል፤ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ገብቷል፣ ወይ ቤዝ ላይ ቀርቷል። አራተኛ ቦታ የለም። ገቢና ወጪ እንደምንለው ማለት ነው፤ ከቀረቡት ሰዎች ቁጥር ጋር የሦስቱ ድምር ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስተሃል።

ሚልዋኪ በኩል የቀረቡት 36 ሲደመር 4፣ አርባ ናቸው። በ1 ለ 0 ውሳኔ፦ 36ቱ፣ ማቲውስና አድኮክ ተቃጥለዋል፤ 38። ማንቲያ ገብቷል፤ 1። አሮን ቀርቷል፤ 1። ድምር 40። ገጠመ።

ዳኞቹ በሜዳው ባሉት በ2 ለ 0 እንየው፦ 38 የተቃጠለ፣ 2 የገባ፣ የቀረ የለም። 40። ገጠመ።

ሕዝቡ ባየው፣ አሮን ባይሳሳት ኖሮ በሚሆነው በ3 ለ 0፦ 37 የተቃጠለ፣ 3 የገባ፣ የቀረ የለም። 40። ይህም ገጠመ!

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳስ ያሰላሁት ማታ ነው፤ ያን ለሊት በደንብ አልተኛሁም። የሙያችን ኩራት «ሚዛኑ ገጥሟል» ማለት ነው። ኦዲተር ሲመጣ የምንታጠቀው እሱን ነው። እዚህ ግን ሦስት የተለያዩ ማታዎች አሉ፤ ሦስቱም እስከ ሳንቲሟ ይገጥማሉ። የትኛው እንደሆነ የነገረን ድምሩ አይደለም። በማግስቱ ቢሮው ተቀምጦ ደንብ ያገላበጠ ሰው ነው። እኔ ጋይልስ ልክ ነበር ባይ ነኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ግን ጓደኛዬ፣ የሱም ሙያ ሒሳብ ነው፣ «አሮን ተመልሶ ረግጦ ከገባ ገብቷል» ብሎ እስከ ዛሬ ይሟገተኛል። ሁለታችንም አንድ ወረቀት ይዘን ነው የምንከራከረው።

የሃዲክስ መስመር እንዲህ ተጻፈ፦ 12 ሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ፣ 1 ምት፣ 1 ነጥብ፣ በነጻ ያሳለፈው 1፣ በስትራይክ ያቃጠለው 8። ያቺ ነጥብ በስሕተት የጀመረች ስለሆነች በሱ ዕዳ አትያዝም፤ ስለዚህ የተቆጠረበት ነጥብ 0 ነው። ከዚያ አጠገብ «ተሸናፊ» የሚለው ምልክት አለ። የአድኮክ መቃጠል ባይኖር 12 አንድ ሦስተኛ ይሆን ነበር፤ የአሮን ስሕተት ለሃዲክስ አንዲት ሲሶ ኢኒንግ ጨመረለት። ለምንም አትጠቅመው፣ ግን ሒሳብ ነው፤ ተጻፈች።

ስለማይጻፈው ደግሞ። ጉንፋኑን ነግሬያችኋለሁ። የፒትስበርግ ኮከብ ሮቤርቶ ክለሜንቴ ያን ማታ አልተሰለፈም፤ በቀኝ በኩል በሱ ቦታ የገባው ሜሂያስ ነው፣ ሦስተኛ ላይ የተቃጠለው። መዝገብ የመጣውን እንጂ ያልመጣውን አይጽፍም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላ የወጣው ነው። በርጀስ ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ማለት ይቸግረው ስለነበር ለሃዲክስ በጣቱ የሚሰጠው ምልክት ከሩቅ ይታይ ነበር። ቀጥሎ የሚወረወረው ፈጣን ነው ወይስ የሚታጠፍ፣ የሚልዋኪ ተጠባባቂ ወርዋሪዎች ከተቀመጡበት በመነጽር እያዩ በፎጣ ለመቺዎቻቸው ያመለክቱ ነበር። ይህን የተናገረው የራሳቸው ሰው ቦብ ቡል ነው። ከመቺዎቹ ምልክቱን አልፈልግም ያለው አሮን ብቻ ነበር ይባላል። አስቡት እንግዲህ፤ ምን እንደሚመጣ እያወቁ ነው 36 ሰው የተቃጠሉት። ይህን የሚይዝ ዓምድ ቻድዊክ አላበጀም።

በ1991 ደግሞ ነገሩ እንደገና ተነሣ። የሊጎቹ የስታቲስቲክስ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ያለ ምት የተጫወተ ጨዋታ» ለሚለው አዲስ ትርጉም አወጣ፤ ዘጠኝ ኢኒንግ ወይም ከዚያ በላይ ሄዶ፣ እስከ መጨረሻው ምት ሳይኖር የተጠናቀቀ ብቻ። በዚህ ምክንያት 50 ጨዋታ ከዝርዝሩ ወጣ። የሃዲክስም ወጣ። ትርጉሙን እኔም ባወጣው ከዚህ የተለየ አላወጣም፤ ዐሥራ ሁለት ወር ጾሞ በጳጉሜ የገደፈን ሰው «ዓመቱን ጾመ» አትለውም። ቢሆንም 27 ሰው ያቃጠለ በዝርዝሩ አለ፣ 36 ሰው ያቃጠለ የለም፤ ይህን ያየ የሒሳብ ሰው አንድ ጊዜ ራሱን ማከኩ አይቀርም። ሃዲክስን ሲጠይቁት የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ «ግድ የለም። የሠራሁትን አውቃለሁ።»

ከዚያ ማታ በኋላ በርዴት ስልክ ደውሎለት ነበር፤ ማሸነፌን ባስረክብህ ደስ ባለኝ የሚል መንፈስ ያለው ስልክ። የደመወዝ ድርድር ሲመጣ ግን «ከዚህ ሁሉ የበለጠውን ጨዋታ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጭማሪ እንደጠየቀ ይወራል፤ ወዳጅነትና ሒሳብ ለየቅል ናቸው። ለሃዲክስ ከአገሩ ሁሉ ደብዳቤ ጎረፈለት። ከነዚያ መሐል ቴክሳስ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጻፉለት ከስሙ ሌላ ሁለት ቃል ብቻ ነበረው፤ እዚህ የማልደግመው ስድብ ቀመስ ቃል ነው፣ ትርጉሙ «አይ ዕድልህ!» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ተናደደ፣ ቆይቶ ሲያስበው ከሁሉ ልክ የሆነው ደብዳቤ ያ እንደሆነ አመነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1960፣ ፓይሬትስ ያንኪስን አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ የሰባተኛው ጨዋታ አሸናፊ ወርዋሪ ሆኖ የተመዘገበው እሱ ነው። ሚልዋኪ ደግሞ በ1959 ማብቂያ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር እኩል ጨርሶ በተጨማሪ ጨዋታዎች ተሸነፈ። ያቺ የግንቦት ማክሰኞ ባትኖር እዚያም ባልደረሰ።

ሰዓቴ አልቋል እየተባልኩ ነው፤ ቤዝቦል ቢሆን አይሉኝም ነበር። «ቤዝ ላይ የቀረ 1» ወዳለው ልመለስና ላብቃ። ያ ሰው አሮን ነው። ያን ማታ ሜዳውን ጥሎ ወጣ፣ ተጠርቶ ተመለሰ፣ ሁለተኛን ረገጠ፣ ሦስተኛን ረገጠ፣ ሆምን ረገጠ፣ ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ቁራጯን አንሥታችሁ ብታዩ አሁንም ቤዝ ላይ ነው፤ ማንቲያ ገብቶ ጨዋታው ባለቀበት ሰዓት በነበረበት።